የገነዘው እጅ

ስሙን የማላውቀውን አንድ ሰው ለዓመታት ስመርቅ ኖሬያለሁ። ጠዋት መኪናዬን ከማስነሳቴ በፊት መሪው ላይ እጄን ጭኜ እጸልያለሁ። ለእናቴ፣ ለልጄና ለመንገዱ ከጸለይኩ በኋላ መጨረሻ ላይ፣ "ጌታ ሆይ፣ ተስፋዬን የገነዘውን እጅ ባርክልኝ" እላለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ያንን ጸሎት ስላቆምኩበት ቀን ነው። ይህን ታሪክ እንዳልጽፈው የመከሩኝ ብዙ ናቸው። "ምነው ማርታ፣ የራስን ገመና ባደባባይ?" ያሉኝም አሉ። ለእነሱ ስል ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ጆሃንስበርግ የመጣሁት ባለቤቴን ተስፋዬን ተከትዬ ነው። ተስፋዬ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ ስፓዛ ነበረው። ስፓዛ ማለት፣ ሎኬሽን በምንላቸው ሰፈሮች ውስጥ ከሰው ግቢ ጋራዥ የምታህል ክፍል ተከራይተን ዳቦና ዘይት በብረት ፍርግርግ በኩል የምንሸጥባት ሱቅ ናት። ወንዶቻችን እዚያው ከዕቃው መሃል ፍራሽ ዘርግተው ያድራሉ። ከዘጉ በኋላ ለማንም አይከፍቱም። ለማንም ስል ለማያውቁት ሰው ማለቴ ነው።

ተስፋዬን እዚያችው ሱቅ ውስጥ አንቀው ገደሉት። ፖሊስ "ያልታወቁ ዘራፊዎች" ብሎ ጻፈና ዶሴው ተዘጋ። አስከሬኑን እንድለይ ስጠራ ግን አንድ ነገር አየሁ። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ እጆቹ በግራና በቀኝ ጎኑ ተዘርግተዋል፣ የሁለቱ እግሮቹ አውራ ጣቶች በነጭ አቡጀዲ ቅዳጅ አንድ ላይ ታስረዋል። "ዘራፊዎቹ እግሩን አስረውት ነበር፤ ስናገኘው እንዲህ ነው" አለኝ ፖሊሱ። አልመለስኩለትም፤ እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በእኛ አገር፣ ሃይማኖቱ ቢለያይም፣ የሞተ ሰው ገላው ሳይደርቅ ዓይኑ ይከደናል፣ አገጩ ይያዛል፣ የእግሩ ጣቶች ይታሰራሉ። ይህን የሚያደርግለት ወገኑ ነው። ወረቀት የሌለው አንድ የአገሬ ልጅ ከፖሊስ ቀድሞ ደርሶ፣ ባለቤቴን ገንዞ፣ መያዝን ፈርቶ የሄደ መሰለኝ። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ያጽናናችኝ ያቺ ቅዳጅ ጨርቅ ነበረች። ባሌን እንደ ሰው ያስተኛው ሰው አለ፣ አልኩ። ምርቃቴ የጀመረው ያኔ ነው።

በዚያ ሰሞን ደግፈው ያቆሙኝ ጋሽ ሄራሞ ናቸው። እዚህ ካሉት የሰፈራችን ልጆች ግማሾቹን ያመጡት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ልጁ ሲመጣ ቦታ ይፈልጉለታል፣ ከአከራይ ያነጋግሩታል፣ ሱቁን በሽርክና ይከፍቱለታል፤ የአጥሩን ቁልፍ እንኳን ገዝተው የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞትም ሬሳ ቤት ገብተው የሚገንዙት፣ ሳጥን አሽገው ወደ አገር የሚልኩት እሳቸው። የተስፋዬም ሸሪክ ነበሩ። ሱቁን አዲስ ለመጣ ሌላ ልጅ ካስረከቡ በኋላ "የመበለት ሐቅ አልበላም" ብለው ባኪ ገዙልኝ፤ ባኪ የምንለው ከኋላው ክፍት የሆነውን የዕቃ መኪና ነው። ያን ቀን ጉልበታቸውን ስሜ አልቅሻለሁ።

በዚያች ባኪ ነው ልጄን ያሳደግኩት። ጀፒ ከሚባለው ከመሃል ከተማው የሐበሻ ሰፈር፣ ከጅምላ ሱቆቹ ዕቃ እጭንና ለቴምቢሳና ለአይቮሪ ፓርክ ስፓዛዎች አደርሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ "ዛሬስ ማንን ገጨሽ?" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አስፋልት ዳር ተንበርክኬ ጎማ ስቀይር ካዩኝ በኋላ ግን "ማርቲ፣ የእኔንም መኪና ድምፁን ስሚልኝማ" ማለት ጀመሩ።

ምርቃቴን ባቆምኩበት ዕለት፣ አርብ ጠዋት፣ የጫንኩት ዕቃ የብርሃኑ ነበር። ብርሃኑ ቴምቢሳ ውስጥ በጎጎ ኖምሳ ግቢ ሱቅ የከፈተ ልጅ ነው። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ አሮጊቷን ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራት። ብርሃኑ ሲስቅ ከነትከሻው ነበር የሚስቀው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ዕቃ እያወረድን ሳለ ፊቱ ሁሉ በርቶ፣

"ማርቲዬ፣ ሚስቴን ላመጣት ነው" አለኝ።

"አንተ! መቼ?"

"ቪዛው እንዳለቀ። ለጋሽ ሄራሞም ነገርኳቸው። ሽርክናው ይብቃን፣ ከእንግዲህ ሱቁን ለብቻዬ ልያዘው አልኳቸው።"

"ታዲያ ምን አሉህ?"

"መረቁኝ።"

እንግዲህ አርብ ጠዋት ስደርስ ፍርግርጉ አልተከፈተም። የትምህርት ቤት ልጆችና የሥራ ልብስ የለበሱ ሴቶች ዳቦ ለመግዛት ተሰልፈዋል። "ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!" እያሉ ብረቱን ይደበድባሉ፤ እዚህ የሱቅ ሰው ስሙ ይኸው ነው። ጎጎ ኖምሳ ግቢዋን እየጠረገች ነበር። የአጥሩን በር ከፈተችልኝ።

"ሳውቦና ጎጎ። ብርሃኑ የት ሄዶ ነው?"

"የትም አልሄደም ምንታናሚ። ከተነሳሁ ጀምሮ ከዚህ ግቢ አልተነቃነቅኩም፤ አጥሩም ተቆልፎ ነው ያደረው። የከፈትኩት አሁን ለአንቺ ነው።" ምንታናሚ ልጄ ማለት ነው፤ የምትጠራኝ እንዲያ ብላ ነው።

በጓሮ ዞርን። የሱቁ የኋላ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ገባሁ። ብርሃኑ ፍራሹ ላይ ቀጥ ብሎ በጀርባው ተኝቷል፤ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ አስተካክሎ ለብሷል። ተኝቶ ነው ብዬ ስሙን ሁለት ሦስቴ ጠራሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ አንገቱ ላይ ያለውን ሰንበር አየሁ። ከዚያ ዓይኔ ወደ እግሩ ሄደ።

አውራ ጣቶቹ በነጭ አቡጀዲ ታስረው ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ምርቃት። ለዓመታት የለመደ አፌ "የገነዘውን እጅ..." ብሎ ጀመረ። መጨረስ ግን አልቻልኩም። በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ቆመችው ወደ ጎጎ ዞርኩ።

"ጎጎ፣ ከእኔ በፊት ማን ገባ?"

"ማንም። ማን ይገባል? ቁልፍ ነበር እያልኩሽ!"

ተንበርክኬ አየሁት። ቅዳጁ ጫፉ ላይ የተኘከ ይመስል ተሸርፏል። ቋጠሮው እንደተለመደው ከላይ አይደለም፤ ከጣቶቹ ሥር፣ ወደ ውስጥ እግር ዞሯል። የተስፋዬም ልክ እንዲህ ነበር። ያቺን ቋጠሮ ዓይኔን ስከድን የማያት ናት፤ አልሳሳትም። የማላውቀው ደግ ሰው ዳግመኛ ከፖሊስም ከእኔም ቀድሞ በተቆለፈ አጥር አልፎ ሊገባ አይችልም። ይህን የገነዘው ሰው ብርሃኑ ሲሞት እዚሁ የነበረ ሰው ነው።

ባሌን የገደለውን ሰው ነበር ጠዋት ጠዋት ስመርቅ የኖርኩት።

ጎጎ ወንበር አውጥታ የጓሮው በር ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ለፖሊስም ለጋሽ ሄራሞም ደወልኩ፤ ጋሽ ሄራሞ ሲሰሙ በስልኩ ውስጥ ጮኹ። ፖሊስ እስኪደርስ አንድም ሰው አላስገባንም።

ፖሊሶች መጥተው ብዙም ሳይቆዩ የጎጎን የልጅ ልጅ ስቡን ያዙት። አጥሩ አልተሰበረም፤ ከብርሃኑ ሌላ ቁልፍ ያለው የጎጎ ቤተሰብ ብቻ ነው ተባለ። በዚያ ላይ ስቡና ብርሃኑ በዋዜማው በሙዚቃ ጩኸት ተጨቃጭቀው ነበር፤ ሰፈርተኛው ሰምቷቸዋል። ስቡ ትልቅ ሰው ነው፣ የታክሲ ረዳት፣ ዕቃ ባመጣሁ ቁጥር ሳልጠራው መጥቶ ከረጢት የሚያወርድልኝ። ካቴና ገብቶለት ሲያልፍ፣

"ሲሲ ማርታ! አንቺ ታውቂኛለሽ፣ ንገሪያቸው!" አለኝ።

የጎጎን ፊት ማየት አቃተኝ። በአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ ማጉረምረም ጀምሯል። "ለመጤ ሲሉ ልጃችንን ወሰዱት" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ምርመራውን የያዘችው ሞሎይ የምትባል መርማሪ ነበረች፤ በእኔ ዕድሜ፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት። ቃሌን ልትቀበል ባኪዬ ውስጥ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እግሩን አስረው ነው ያነቁት አይደል?" አለችኝ።

"እግሩን አይደለም፤ ጣቱን ነው። ሌባ እግር ያስራል እንጂ የእግር ጣት ምን ብሎ ያስራል? ሰውየው ተነስቶ እንዳይሮጥ ይይዘዋል?"

እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

"ባለቤቴም እንዲህ ሆኖ ነው የተገኘው" አልኳት። "አይቮሪ ፓርክ። ጨርቁን እናንተ ወስዳችሁታል። ፈልጊው።"

"የሞተ ሰው ጣት የሚያስረው ማን ነው?"

መልሱ አጭር ነው። ያቺ አጭር መልስ ግን ከአፌ ከወጣች በኋላ ወደ ጀፒ የምመለስበት ፊት እንደማይኖረኝ አውቄያለሁ። በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ጎጎ መጥረጊያዋን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀምጣለች።

"እኛ ነን" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሞሎይ ደወለች። የተስፋዬን ዶሴ አግኝታዋለች፤ ጨርቁም እንደታሸገ አለ። ቋጠሮው ከሥር ነው። "ሁለቱንም ለምርመራ ልኬያለሁ፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ስቡ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የያዝኩት ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ስም ከሌለኝ እሱው ይከሰሳል" አለችኝ።

ስም ነበረኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስሸሸው ያደርኩት ስም። ተስፋዬም በሞተበት ሰሞን "ለጋሽ ሄራሞ ሽርክናው ይብቃን አልኳቸው" ብሎኝ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? ጉልበታቸውን የሳምኩትን ሰው? በገዙልኝ መኪና ውስጥ ተቀምጬ?

ወደ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ለቅሶው የተቀመጠው ጀፒ፣ ከሱቆቹ በላይ ባለ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። የብርሃኑ ፎቶ ግድግዳው ላይ ከነሳቁ ተሰቅሏል። ጋሽ ሄራሞ ከፊት ሆነው የሚመጣውን ሰው ይቀበላሉ። እኔን ሲያዩ ተነስተው አቀፉኝ።

"አይ ማርታ ልጄ፣ ይኸንንም በዓይንሽ አየሽው?" አሉኝ። እንባቸው የእውነት እንባ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት አቡጀዲ ታቅፋ መጣች። አስከሬኑ ገና ከፖሊስ እጅ አልወጣም፤ ሲወጣ ግን ዝግጁ ይሁን ተብሎ ነው። መቀስም ይዛላቸዋለች። ጋሽ ሄራሞ መቀሱን ወደ ጎን አደረጉት። የጨርቁን ጠርዝ ወደ አፋቸው ወስደው በጥርሳቸው ነከሱና ቀረርር አድርገው ቀደዱት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ጫፉ የተኘከ ቅዳጅ ጉልበታቸው ላይ ተከመረ።

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ለሞሎይ ደወልኩ። "አሁን ነይ። ጎጎንም ይዘሻት ነይ" አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ዮሐንስ አጠገቤ ቆሟል። እንግሊዝኛውን ሰምቶታል።

"ማንን ነው የምትጠሪው?"

ነገርኩት። ጨርቁን፣ ቋጠሮውን፣ ጥርሱን፣ ሁሉንም። ፊቱ አመድ መሰለ። አላምንሽም አላለኝም፤ ያስደነገጠኝ ይኸው ነው።

"እሺ። ይሁን። በሽማግሌ እናየዋለን" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፖሊስ ግን አታስገቢ። እርስ በርሳቸው ይገዳደላሉ ከተባለ በነጋታው ሎኬሽን ውስጥ የሚቆምልን ሱቅ የለም። ስንት ሰው ነው በአንቺ አፍ የሚጠፋው?"

"ስቡስ?"

"ስቡ የራሱ አገር ነው። ጠበቃ ያቆሙለታል። አንቺ ስለ ወገንሽ አስቢ።"

"ወገኔ ተስፋዬ ነበር። ወገኔ ብርሃኑ ነበር። እነሱን ማን አሰበ?"

"ማርታ፣ እባክሽ..."

"በውሸት የታሰረው ልጃቸው ነው፣ ዮሐንስ። ሱቅ የሚያስቃጥለው ይኸ ነው። ባያስቃጥልም ግን ዝም አልልም።"

ጥዬው ተመለስኩና ሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ጎጎ ኖምሳ ታየች። ጥቁር ሻርፕ አስራለች፤ ሞሎይ ከኋላዋ ናት፣ ተራ ልብስ ለብሳ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሁሉም የገዳዩ አያት ናት ሲባል ሰምቷል። ጎጎ ማንንም ሳታይ ወደ ፎቶው ሄደች፤ ከሥሩ ተንበርክካ በዙሉ "ልጄ፣ ልጄ" እያለች አለቀሰች። ሴቶቻችንም ምን ያድርጉ፣ አብረዋት አለቀሱ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው አይባረርም። ሁለቱም ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ተነሳሁ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

"ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ብርሃኑ እንደ ውሻ ተጥሎ አልተገኘም። ዓይኑ ተከድኖ፣ ጣቱ ታስሮ፣ በወጉ ተገንዞ ነው ያየሁት። ይህን ያደረገለትን ሰው በሁላችሁ ፊት ማመስገን እፈልጋለሁ። ማን ነው የገነዘው?"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ፣ ማንም ሳያስተባብረው፣ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሄደ። ሌላ ማን ይሆናል? አንዲት እናት "ያው ጋሽ ሄራሞ ናቸዋ! እጃቸው ይባረክ!" አሉ። "አሜን፣ እጃቸው ይባረክ" አለ ሕዝቡ።

ጋሽ ሄራሞ ሁሉም ሲያያቸው ዝም ማለት አልቻሉም። አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣

"ለእግዚአብሔር ብዬ ነው። ልጄ አይደል?" አሉ።

"እግዜር ይስጥልኝ። የት ነው የገነዙት? ሬሳ ቤት?"

ፖሊስ ገና ማንንም እንዳላስገባ ሁሉም ያውቃል። ትንሽ አመነቱ።

"እዚያው ሱቁ ነው እንጂ። እንደሰማሁ ሮጬ ሄድኩ፤ ፖሊስ ሳይመጣ።"

"እኔና ጎጎ ፖሊስ እስኪመጣ በሩ ላይ ነበርን። አላየንዎትም።"

"ከእናንተ በፊት ነው።"

"ከእኛ በፊት?"

"ምን ማለትሽ ነው ማርታ? አዎ፣ ከእናንተ በፊት።"

"እንግዲያው ሞቶ አገኘኸው" አልኩት። እርስዎ ማለት እዚያ ላይ አበቃ። "ገንዘኸው፣ አጥሩን ቆልፈህ፣ ለማንም ሳትናገር ወጣህ። ከዚያ እኔ ስደውል ገና እንደሰማ ሰው ጮህክ። የአጥሩን ቁልፍ ማን ሰጠህ? ቁልፉን ራስህ ስትገዛ አንዱን ለራስህ አስቀርተህ ነው?"

ተነስቶ ይሰድበኛል፣ ይምላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ ያሉትን ቅዳጆች መሰብሰብ ጀመረ።

"ተስፋዬንም አንተ ነህ የገነዝከው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ውለታው የተረሳበት ሰው ቅሬታ እንጂ።

"በክብር ነው ያስተኛሁት" አለኝ። "ሜዳ ላይ አልጣልኩትም። እኔ ነኝ ሰው ያደረግኳቸው። ሁለቱም ጣሉኝ። እንደዚያም ሆኖ ሳልገንዛቸው አልሄድኩም።"

ሴቶቹ ጮኹ። "እጃቸው ይባረክ" ያሉት እናት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ ዮሐንስ ተነስቶ በሩን ዘጋና ጀርባውን ሰጠው።

"ይህ ከዚህ ክፍል አይወጣም!" አለ። "ሰምታችኋል? የሽማግሌ ነገር ነው። እኛው እንዳኘዋለን። ማርታ፣ ተቀመጪ!"

አልተቀመጥኩም። ወደ ጎጎና ወደ ሞሎይ ዞርኩ። አንድም ቃል አልገባቸውም፤ ጎጎ እጆቿን አጣምራ አፌን ታያለች። እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እኔ ምን እንዳልኩ፣ እሱ ምን እንደመለሰ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሲያቅተኝ ደንበኞቼ ባስተማሩኝ ዙሉ፣ አንድ በአንድ ተረጎምኩ። "ተይ!" ይለኛል አንዱ። "አፍሽን ዝጊ፣ አገርሽን አትሽጪ!" ይላል ሌላው። በጮኹ ቁጥር እኔም ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። "ዮሐንስ በሩን ዘግቶ፣ ይህ ከዚህ አይወጣም አለ" የሚለውን ሳይቀር ተረጎምኩት። ዮሐንስ ይህን ሲሰማ ከበሩ ላይ ገለል አለ።

ሞሎይ ተነሳች። መታወቂያዋን አሳየችና ሄራሞን ስሙን ጠይቃ ያዘችው። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ጉልበቱ ላይ የነበሩትን ቅዳጆች አንድ በአንድ በላስቲክ ከረጢት ከተተቻቸው። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ፤ እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም።

ጎጎ ኖምሳን ደግፌ አስነሳኋት። "ስቡ?" አለችኝ፣ ያቺን አንድ ቃል ብቻ።

"ይመጣል ጎጎ" አልኳት።

መጣም። በሁለቱ ሱቆች ቅዳጆች ላይ የተገኘው ምራቅ የአንድ ሰው ነው፤ የዚያ በጥርሱ የሚቀድ ሰው። ስቡ ከዚያ በፊት ተለቋል። የተስፋዬ ዶሴ ከተኛበት ተነስቶ ከብርሃኑ ዶሴ ጋር አንድ ላይ ታሰረ፤ ሄራሞም በሁለቱም ተፈረደበት። ሱቅ አልተቃጠለም። እንዲያውም ስቡ በተፈታ ማግስት ጎጎ በሰፈሯ ስብሰባ ላይ ቆማ፣ "ልጄን ያስፈታችው ሐበሻ ናት" ብላ ተናገረች አሉ።

የእኛ ሰዎች ደግሞ ቀጡኝ። ዕቃ አድርሺልን የሚሉኝ ስፓዛዎች ቁጥራቸው ቀነሰ። ጀፒ ስገባ ሰላምታዬን የማይመልሱ አሉ፤ "ወገኗን ለፖሊስ የሸጠች" ይሉኛል። ይበሉኝ። ባኪዋን ልመልስ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። የባሌ ላብ ናት። በእሷው ነው ዛሬም ጀፒ መሃል የምነዳው፣ ጥሩንባዬን ከሌላው ጊዜ በርታ አድርጌ እየነፋሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከሁሉም የሚከነክነኝን ልንገራችሁ። እኔም፣ አቶ ዮሐንስም፣ በዚያ ክፍል የነበረው ሰው ሁሉ፣ ያንን ሰው አንድም ቀን ጠይቀነው አናውቅም። ሸሪኮቹ ለምን እንደሚሞቱ፣ ሱቁ ለምን ወደ እሱ እንደሚመለስ፣ ማናችንም አልጠየቅንም። ሙታናችንን ስለሚገንዝልን አፈርን። ደግ የሠራላችሁን ሰው መጠየቅ ነውር ነው የሚላችሁ ካለ፣ እኔ ጋ ላኩት።

የብርሃኑ አስከሬን ሲለቀቅ አንድ ችግር ተፈጠረ። ፖሊስ ቅዳጁን ለማስረጃ ስለፈታው ጣቶቹ ተላቅቀዋል፤ እንዲህ ሆኖ ለእናቱ ሊላክ ነው። ገንዙት ሲባል ወንዶቹ ሁሉ ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ሰው በኋላ ያንን ሥራ በእጁ ለመንካት የደፈረ ጠፋ።

"እኔ እገንዘዋለሁ" አልኩ።

"ሴት ወንድ አትገንዝም" አለኝ አቶ ዮሐንስ።

"ታዲያ ወንድ ጥራልኝ።"

ማንም አልተነሳም። ከጎጎ ኖምሳ ጋር ገባን። ጎጎ እግሩን ያዘችልኝ፤ ምን እንደምሠራ አልጠየቀችኝም። አቡጀዲውን ዘረጋሁና በመቀስ ቆረጥኩት፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ጣቶቹን ገጠምኩ፣ አሰርኩ፣ ቋጠሮውን ማንም እንዲያየው ከላይ አደረግኩት። ስንወጣ አቶ ዮሐንስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እጄን ለመጨበጥ እጁን ዘረጋ።

ጨበጥኩት። "ማን ገነዘው ብለው ከጠየቁህ፣ ማርታ ናት በላቸው" አልኩት።